ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው

ዛሬ ስለ ኒውዮርክ ቡናም ሆነ ስለ እህል በረንዳ ጤፍ አልጽፍም። ዛሬ ስለ አሉሚኒየም ነው። በፒካፔ ጀርባ ላይ ያሠራኋትን የመኝታ ሳጥን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ከቡናው ጥያቄ በለጠ። "ጠርዟ ምንድን ነው? ከየት ገዛኸው? ስንት ነው?" ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ነገሩ ከእኛ ሥራ ጋር የሚገናኝበት ቦታም አለ፤ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ፎቶውን ላላየ። ከጥቅምት እስከ ጥር እኔ ቤቴ የለሁም። ጅማ፣ ቦንጋ፣ ዲላ እያልኩ መንገድ ላይ ነኝ። ማታ ማታ አልጋ ፍለጋ መዞር ሲሰለቸኝ፣ በነጠላ ጋቢና ፒካፕ ላይ የምትጫን፣ አንድ ፍራሽና አንድ የናሙና ሣጥን የምትይዝ ትንሽ ቤት አሠራሁ። ቅርጿን የወሰድኩት አሜሪካኖች ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጓሯቸው ከሚሠሯት፣ የእንባ ጠብታ ከምትመስለው ተሳቢ ነው፤ ፊቷ ክብ፣ ኋላዋ ወደ ታች እየሾለ የሚወርድ። ውስጧ እንጨትና ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውጭዋ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ። የጣሪያው ላሜራና የጎኑ ላሜራ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ኤል ቅርጽ ያለው የጠርዝ አሉሚኒየም ይመጣል። ፎቶው ላይ ሲያበራ ያያችሁት መስመር እሱ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጠርዝ ስትገዙ በቤርጋ ዋጋ አትግዙ፤ በኪሎና በውፍረት ግዙ። ከዚያ ደግሞ ገንዘባችሁን የሚያበራው ላይ ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው ላይ አውሉ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ ከፍዬበት ነው።

የአሁኑ ጠርዝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው አዋርዶኛል። ስገዛው እንደ ማንኛውም ሰው ነው የገዛሁት፤ መርካቶ ገባሁ፣ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ፣ ርካሹን ወሰድኩ። "ባለ 1.5 ነው" አለኝ ልጁ። አልለካሁም። ጋራዥ ወስጄ በተራ የብረት ብሎን አስመታሁት፤ ከውጭ በኩል ሲሊኮን ተቀባ፤ አበራ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ኅዳር ላይ ከጅማ ስመለስ ያልታሰበ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። እኔ ፍራሼ ላይ ነበርኩ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችኝም። ውሃው በጠርዙ ሥር ገብቶ፣ የብሎኑን ቀዳዳ ተከትሎ፣ በኮምፔንሳቶው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ የወጣው በእግሬ በኩል ባለው የናሙና ሣጥን ላይ ነው።

ናሙናው የአንድ ዩኒየን የታጠበ ቡና ነበር፤ 320 ጆንያ፣ አንድ ኮንቴይነር። አዲስ አበባ የገዢው ላብራቶሪ ሲገባ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ተነበበ። ገዢው ምን ይበል? "እርጥብ ቡና ነው" አለ። ቡናው ግን መጋዘን ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። አዲስ ናሙና ተወስዶ እስኪመጣ ስድስት ቀን ሄደ። በስድስቱ ቀን ኒውዮርክ በፓውንድ 10 ሴንት ወረደ። ሂሳቡን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ 320 ጆንያ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ ነው፤ ወደ 42,300 ፓውንድ፤ በ10 ሴንት ሲባዛ 4,230 ዶላር። የገበሬ ገንዘብ።

ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። "ጋሼ፣ የረጠበው ናሙናው ነው እንጂ ቡናው እኮ ደህና ነው" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ታዲያ ልጄ፣ እኛ የምንሸጠው በናሙናው አይደል?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮሚሽኔን አልጠየቅኩም። ርካሹን ጠርዝ መርጬ ያተረፍኩት ደግሞ የሁለት ሰው ምሳ የማይሸፍን ብር ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋጋው። ሱቅ ገብታችሁ "ለምን ተወደደ?" ስትሉ ሦስት መልስ ትሰማላችሁ፦ "ለንደን ጨምሯል"፣ "አሜሪካ ታሪፍ ጥላለች"፣ "ዶላር ነው"። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አለባቸው። ለንደን አሉሚኒየምን በቶን፣ በዶላር ይጠራል፤ የዩክሬን ጦርነት እንደጀመረ በማርች 2022 ቶኑ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። አሜሪካም በ2025 የአሉሚኒየም ታሪፏን መጀመሪያ ወደ 25፣ ቀጥላ ወደ 50 በመቶ አሳድጋለች፤ ይህ ግን በዋናነት የአሜሪካ ገዢ ከለንደን ዋጋ በላይ የሚከፍለውን ያሳድጋል እንጂ መርካቶ ያለውን ቤርጋ በዚያው ልክ አያስወድድም። የዶላሩን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ የት እንደደረሰ አይተናል።

ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 25 በ25 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ ኤል ባለ 6 ሜትር ቤርጋ ክብደቱ 1.18 ኪሎ ነው። ለእኔ ሳጥን 4 ቤርጋ ያስፈልጋል፤ 4.7 ኪሎ መሆኑ ነው። ለንደን ላይ ቶኑን በ2,500 ዶላር ብንይዘው፣ ኪሎው 2.50 ዶላር፣ በሳጥኔ ላይ ያለው ጥሬ አሉሚኒየም በሙሉ 12 ዶላር አይሞላም። የቀረው ሁሉ የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ፣ ቀለም፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ቀረጥ፣ ጅምላ፣ ችርቻሮ ነው። ስለዚህ ለንደን 10 በመቶ እስኪወርድ ልጠብቅ የሚል ሰው የሚጠብቀው ከሳጥኑ ላይ የ1 ዶላር ከ20 ሴንት ቅናሽ ነው። ለአንድ ኮንቴይነር አስመጪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአራት ቤርጋ ገዢ ግን ምንም አይደለም።

ገንዘቡ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ያው 25 በ25 ኤል ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ከሆነ ቤርጋው 0.95 ኪሎ ነው የሚመዝነው። በዓይን ስታዩት ከባለ 1.5ቱ አይለይም። ለሂሳብ እንዲቀል ባለ 1.5ቱን 1,000 ብር፣ ባለ 1.2ቱን 900 ብር እንበል። "መቶ ብር ረከሰ" ትላላችሁ። በኪሎ አምጡት፦ የመጀመሪያው ኪሎው 847 ብር፣ ሁለተኛው 947 ብር ይወጣል። ረከሰ ያላችሁት በኪሎ በመቶ ብር ተወደደ። እንደ እኔ ባለ 1.2ቱን በባለ 1.5 ስም ከገዛችሁት ደግሞ ሚዛን ላይ ወደ 20 በመቶ ጎደለባችሁ ማለት ነው። ለንደን 10 በመቶ ወረደች ወጣች እያልን እንከራከራለን፤ ካሊፐር ባለመያዛችን ግን የዚያን እጥፍ እንጥላለን።

እኛ እኮ በጆንያ ግማሽ ኪሎ ጎደለ ብለን የምንጣላ ሰዎች ነን። ብረት ተራ ስንገባ ግን ሚዛናችንን ቤት ጥለን እንሄዳለን።

በሁለተኛው ዙር የናሙና ሚዛኔንና ካሊፐር ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ ቡና መሰለህ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ያው ነው" አልኩት። ቤርጋውን ሰቅለን ስንመዝን ኪሎ አልሞላ አለ። ሳይናገር ወደ ጓሮ ገብቶ ሌላ እስር አወጣ። ያኛው 1.18 ገባ። በዋጋ ተከራክረን ትንሽ ጨምሬ ወሰድኩ። ሰውዬው አታላይ ነው አልልም፤ እሱም በቤርጋ ገዝቶ በቤርጋ ነው የሚሸጠው። የሚጠይቅ ሲመጣ ግን ሁለቱን እስር ለይቶ ማስቀመጥ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀለም የተቀባ ከሆነ ካሊፐሩ ቀለሙንም ይለካል። የዱቄት ቀለም በሁለቱም ፊት ሲደመር ከ0.1 ሚሊ በላይ ይሆናል። ስለዚህ የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ፋቅ አድርጋችሁ ለኩ። ሚዛኑም ያጋልጠዋል።

የትኛው ብረት? ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንን ነው። አራት ምርጫ አየሁ።

አንደኛው ጋልቫናይዝድ ላሜራ አስጎንብሶ ማሠራት ነው። በኪሎ ርካሽ ነው፤ ግን አረብ ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ብቻ የቀረው ክብደት አለው። ያው ኤል በ1.2 ሚሊ ቤርጋው 2.76 ኪሎ ይመጣል። በተቆረጠበትና በተበሳበት በኩል ደግሞ ዝገቱ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ድንጋይና ጭቃ የሚመታው የታችኛው ጠርዝ ላይ ግን ከአሉሚኒየም እመርጠዋለሁ፤ አሉሚኒየም ቶሎ ይጎዳል።

ሁለተኛው ስቴንለስ ነው። ያምራል፣ ጠንካራ ነው፣ ክብ ላይ ለማጠፍ ግን ማሽን ይፈልጋል። "ማግኔት አልያዘውም፣ ስለዚህ 304 ነው" የሚለውን ደግሞ አትመኑ። 201 የሚባለው ርካሹም አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት አይዘውም፤ ዝናብና ጭቃ ሲያገኘው ግን ከ304 ቀድሞ ዝገት ያወጣል። ማግኔት ሁለቱን አይለይም።

ሦስተኛው ምናለሽ ተራ ነው። የፈረሰ መስኮትና በር አሉሚኒየም በኪሎ ታገኛላችሁ፤ በኪሎ መሸጡን እወደዋለሁ። ችግሩ አብዛኛው ውስጡ ክፍት ነው፣ የድሮ ቀዳዳ አለበት፣ ጠንካራ ስለሆነም ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ቀጥ ላለ ቦታ ግን ይሆናል፤ የበሬን የውስጥ ማቀፊያ ከዚያ ነው የሠራሁት።

አራተኛው አዲስ የአሉሚኒየም ኤል፣ ቀለም ያልተቀባ። እኔ እሱን መረጥኩ። ቀለም ያልተቀባ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጣሪያው ላይ የሚተኛው ክንፍ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ወደ ጎን የሚወርደው ክንፍ ግን ክቡ ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል። የመጀመሪያውን እንዲሁ ስናጥፈው እንደ ቀሚስ ሽንሽን ሆነብን። ያሠራሁት በያጅ አንድ ዘዴ አሳየኝ፦ የሚታጠፈውን ቦታ በደረቅ ሳሙና ቀባው፣ በጋዝ ነበልባል ቀስ እያለ አሞቀው፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አነሳ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ሳይቀላ ድንገት ይቀልጣል፤ ሳሙናው ነው የሚነግራችሁ። ሲቀዘቅዝ ለስልሷል። በኮምፔንሳቶ ቅርጽ ላይ በላስቲክ መዶሻ ቀስ በቀስ ተጠመጠመ። ይህ ቀለም ባለው ላይ አይሠራም፤ ቀለሙ ይቃጠላል።

ስንት ይገዛ? ወረቀት ላይ የእኔ ጠርዝ 17.8 ሜትር ነው። ሁለቱ የጣሪያ ክቦች 3.5 ሜትር 3.5 ሜትር፤ ሁለቱ የጎን ሥሮች 2.4፣ 2.4፤ ፊትና ኋላ 1.3፣ 1.3፤ የበሩ ዙሪያ 3.4። ሦስት ቤርጋ 18 ሜትር ነው፤ ይበቃል ይመስላል። አይበቃም። ሁለቱ ቤርጋዎች 3.5 እና 2.4 ይወጣባቸዋል፣ እያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ይተርፈዋል። ሦስተኛው ላይ 1.3፣ 1.3 እና 3.4 ልክ 6 ሜትር ናቸው፤ መጋዙ የሚበላው የለውም፣ የቤርጋው ጫፍም ሁልጊዜ ቀጥ አይልም። ከ10 ሳንቲሜትሯ ቁራጭ ልቀጥል ካላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ሠራችሁ፤ መገጣጠሚያ ማለት የውሃ በር ማለት ነው። አራት ግዙ። ቡና ሲበጠር ብጣሪ እንደሚወጣው ብረትም ብጣሪ አለው።

አሁን ወደ ዋናው። አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" ይላሉ። ጠርዝ ውሃ አይከለክልም። የጠርዝ ሥራ ከሥሩ ያለውን ማስቲሽ መጫንና የላሜራውን ጫፍ ከመነካት መጠበቅ ነው። ውሃውን የሚከለክለው ማስቲሹ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ምንም አላደረግኩም፤ ከውጭ ሲሊኮን ቀብቼ ጨረስኩ። ሲሊኮኑ በፀሐይ ከዳር ሲላቀቅ ውሃው ገባና መውጫ አጣ።

በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ይህ ነው። ከጠርዙ ሥር ቡቲል የሚባለውን ጥቁር፣ የሚለጠጥ፣ የማይደርቅ ማስቲሽ ዙሪያውን አስገባሁ። የመኪና መብራትና መስታወት የሚገጥሙ ልጆች ጋ ጠይቁ። ብሎኑ ሲጠብቅ ማስቲሹ በሁለቱም ዳር ትንሽ ብቅ ማለት አለበት፤ ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ባዶ ነው። ሲሊኮን መጠቀም ካለባችሁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተዉት፤ ብረት ይበላል።

ብሎኑን ስቴንለስ አደረግኩ። ተራ ብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ ሲመታና ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ቡናማ እንባ ያወርዳል። ነሐስ ብሎን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል። ቀዳዳዎቹን ከመሐለኛው በስተቀር ትንሽ ሞላላ አድርጌ አስበሳሁ። ምክንያቱም አሉሚኒየም በሙቀት ይለጠጣል፤ የ3.5 ሜትሩ ጠርዝ በሌሊት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ካገኘ ከ3 ሚሊ በላይ ይረዝማል። መሄጃ ካጣ ብሎኑን ይነቅላል ወይም ራሱ ያብጣል።

ከዚያ ፈተናው። ማታ አምፖል ከውስጥ አብርቼ በሩን ዘግቼ ዙሪያዋን ዞርኩ። ብርሃን የወጣበት አልነበረም። በነጋታው የውሃ ጎማ ለግማሽ ሰዓት ለቀቅኩባት። ውስጥ የዘረጋሁት ጋዜጣ ደረቅ ነበር። ያኔ ነው ናሙና የጫንኩት።

ይህ ሁሉ ለአንዲት የመኝታ ሳጥን ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቃል የገባሁት ቦታ ላይ ደረስኩ።

ኮንቴይነር ስንጭን ሁላችንም ምን እናደርጋለን? ሰው ከውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበታል፤ ብርሃን ካየ ኮንቴይነሩ ይመለሳል። ከመጋዘን እስከ አዲስ አበባ ቡናውንና እህሉን የሚያመጣውን አይሱዙ ግን ማን እንዲህ ይፈትሸዋል? አካሉ ሲሠራ ለጋራዡ "ጠርዙን አሳምረው" ብለን እንሄዳለን። ስንት ሚሊ፣ በምን ብሎን፣ ከሥሩ ምን ገባ ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ሸራ አለ ትላላችሁ። ሸራ ከላይ ነው፤ ከጎንና ከወለል መገጣጠሚያ የሚገባውን ውሃ ሸራ አያየውም። ከዚያ አንድ ረድፍ ጆንያ ረጥቦ ይደርስና ሾፌሩ "እኔ አይደለሁም"፣ መጋዘኑ "እኔ አይደለሁም"፣ በመጨረሻ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ለዩኒየኖች የምለው ይህንን ነው፦ የመኪና አካል ስታሠሩ ውሉ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። የጠርዙ ውፍረት በሚሊ፤ ከሥሩ የማይደርቅ ማስቲሽ እንደሚገባ፤ ርክክቡ ከብርሃንና ከውሃ ጎማ ፈተና በኋላ እንደሚሆን። ኪራይ የምትጭኑ ነጋዴዎች ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ልጅ ውስጥ አስገብታችሁ በሩን ዝጉበት። አምስት ደቂቃ ነው። ላኪዎችም ናሙና ይዞ የሚመጣላችሁን ደላላ በምን ይዞት እንደመጣ ጠይቁት። እኔንም ጨምሮ።

"ይህ ሁሉ ወጪ ነው" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የእኔ ሁለተኛው ጠርዝ ከነማስቲሹና ከነብሎኑ ከመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ፈጅቷል። ግን በሌላው ሚዛን ላይ 4,230 ዶላር አለ፤ እሱም የእኔ አልነበረም።

ዘንድሮ ለእኚያው ሥራ አስኪያጅ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ናሙናውን እኔ ልውሰድልዎ?" አልኳቸው። "በዚያች በምታበራው ሳጥንህ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ትንሽ አሰቡና "መጀመሪያ አምጣትና ውሃ እንልቀቅባት" አሉ።

ወስጃት ነበር። ግማሽ ሰዓት አፈሰሱባት። ከዚያ ራሳቸው ጋዜጣውን አውጥተው በእጃቸው ዳሰሱት።

ናሙናው ነገ ይገባል። የኒውዮርኩን ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የጠርዝም ቢሆን። ሰላም ዋሉ።